ከአሥር እስከ አሥራ ዘጠኝ

ለአራት ዓመት ከአሥር እስከ አሥራ ዘጠኝ ያሉትን ቁጥሮች በኦሮምኛ ከአፌ አላወጣሁም። ስለት ኖሮብኝ አይደለም፤ ቁጥር ጠፍቶኝም አይደለም። እደምራቸዋለሁ፣ አባዛቸዋለሁ፣ በአማርኛ ከሆነ እንደማንኛውም ሰው እጠራቸዋለሁ። በኦሮምኛ ግን አልጠራቸውም። ነቀምቴ ላይ ተቀምጦ በኦሮምኛ አሥርን ሳይጠሩ መኖር ምን እንደሚመስል ማወቅ የፈለገ ሰው አንድ ሳምንት ይሞክረው።

እናቴ አሥራ ሁለት እንቁላል አምጪ ብላ ስትልከኝ ሱቁ ደጃፍ ቆሜ "ጀአ" እላለሁ፤ ስድስት ማለት ነው። ባለሱቋ ስድስቱን ቆጥራ ስትሰጠኝ ደግሞ "ሌላ ጀአ" እላለሁ።

"ያ ኢንተላ! አንቺ ልጅ፣ ምነው አንዴ አሥራ ሁለት ብለሽ ብትገላግይኝ?"

"አይ አዴ፣ ስድስቱ የእኛ ነው። ስድስቱን የላከችኝ ጎረቤታችን ናት።"

አዴ በእኛ ከተማ ለትልቅ ሴት የሚባል የአክብሮት ቃል ነው። ምስኪኗ ጎረቤታችን በእኔ ውሸት የተነሳ በሰፈሩ ውስጥ እንቁላል ስታይ የማያስችላት ሴት ተብላ ቀረች።

ቀኑ ስንት ነው ስባል፣ ወሩ ዘጠኝን ካለፈ ሃያ እስኪገባ ድረስ መልሴ "እኔ እንጃ" ነው። ከሁሉ የከፋው ዕድሜዬ ነበር። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት። ዕድሜሽ ስንት ነው ሲሉኝ ስንተኛ ክፍል እንደሆንኩ እነግራቸዋለሁ። በዚህ አያያዜ ሃያ እስኪሞላኝ ድረስ ዕድሜ የሌለኝ ሰው ልሆን ነበር ማለት ይቻላል።

ነገሩ የአንዲት ድምፅ ነገር ነው። ኦሮምኛ አሥርን ኩዸን ይላል። መሐል ላይ ያለችው "ዸ" የአማርኛዋ "ደ" አይደለችም። ምላስ ወደ ላንቃ ይታጠፍና አየሩ ወደ ውስጥ እየተዋጠ ነው የምትወጣው፤ ሰው ውኃ ሲጎነጭ ጉሮሮው የሚያሰማትን ትመስላለች። ከአሥር በኋላ ያሉትም ሁሉ፣ ኩዸ ቶኮ፣ ኩዸ ለማ እያሉ እስከ አሥራ ዘጠኝ ድረስ እሷን ይዘው ነው የሚሄዱት። የእኔ ምላስ ደግሞ "ኩደን" ነው የሚለው። አልታጠፍም ካለ አልታጠፍም ነው። ድምፅዋ ሌሎች ቃላት ውስጥም አለች፤ መምጣት ውስጥ፣ መጠጣት ውስጥ፤ እውነት የሚለው ቃል ራሱ፣ ዹጋ፣ በእሷ ነው የሚጀምረው። ሌሎቹን ግን በወሬ መሐል ቶሎ ብዬ ሳልፋቸው ማንም ልብ አይለኝም። ቁጥር ሲጠየቅ ብቻውን ነው የሚቆመው። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ይጠብቀዋል።

ወረቀት ላይ ግን! ወረቀት ላይ በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ ዲንና ኤችን ጎን ለጎን አስቀምጬ አልፋለሁ። ወረቀት ጆሮ የለውም። ይህን ያወቅሁ ቀን የተሰማኝን ደስታ ቀስ ብዬ እጽፈዋለሁ፤ ይኸው አሁን ራሱ እየጻፍኩ እጄ አልደከመም። ከዚያ በፊት ግን መራራውን ልጨርስ።

የተወለድኩት ጊዳ አያና ወረዳ ውስጥ፣ ከአያና ከተማ ራቅ ባለች መንደር ነው። አያቶቼ ከወሎ የመጡ ሰዎች ናቸው። እኛ ግቢ አማርኛ፣ ከአጥሩ ማዶ ኦሮምኛ ነበር የሚነገረው፤ ዶሮዎቹ ብቻ ናቸው ሳይተረጎምላቸው የሚመላለሱት። ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን "ኢንተላ ኮ" ትለኝ ነበር፤ ልጄ ማለቷ ነው። መቁጠር ያስተማረችኝ እሷ ናት። በቆሎ ስትፈለፍል አጠገቧ እቀመጥና ፍሬውን ሰባት ሰባት አድርጌ እደረድራለሁ። ስምንት ረድፍ ሲሞላ "ሜቃ?" ትለኛለች፤ ስንት ሆነ?

"ሸንተሚ ጀአ!" ሃምሳ ስድስት።

"ሳትቆጥሪው?"

"ሳልቆጥረው!"

የቆሎዋን ሳህን ወደ እኔ ትገፋልኛለች። ኩደን ስላት አንድ ቀን እንኳ ኩዸን በይ አላለችኝም። እሷም በአማርኛዋ እናቴን በአጥሩ ላይ "ደህና አደርክ?" ስትላት እናቴ "ደህና አደርኩ፣ አንቺስ?" ነበር መልሷ። ኦሮምኛው ውስጥ "አንተ"ም "አንቺ"ም አንድ ቃል ስለሆነ ወንዱንና ሴቱን በአማርኛ ሲለዩ መሳታቸው የታወቀ ነው። የእኛ መሳት በዸ፣ የእነሱ መሳት በዚህ። ማንም አይቆጥረውም ነበር።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ከአጥሩ ወዲህም ከአጥሩ ወዲያም ሰው ሸሸ። ቆጠራ ያስተማረችኝ ጎረቤታችንም ወደ ዘመዶቿ ሄደች፣ እኛም ሄድን፤ የቀረው አጥሩ ብቻ ነው። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራየን። አምስት ሰው፣ ሁለት ፍራሽ። አባቴ ቤት የሚሠራበት ቦታ የቀን ሥራ ያዘ፣ እናቴ የሰው ልብስ ማጠብ ጀመረች፣ እኔ ስድስተኛ ክፍል ገባሁ። እስከ አምስተኛ የተማርኩት በአማርኛ ነበር፤ እዚህ ሁሉም በኦሮምኛ ነው። አልፈራሁም። ኦሮምኛ የምችል መስሎኝ ነበር። ችዬም ነበር እኮ!

የመጀመሪያው ቀን የሒሳብ መምህራችን ገባ። መምህርን ባርሲሳ ነው የምንለው። ቀጠን ያለ፣ ረጋ ያለ፣ ቾክ እንዳይነካው ሸሚዙን እስከ ክንዱ የሚሰበስብ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ አምስት ስንት ነው ብሎ ጠየቀ፤ ለማሟሟቂያ። እጄ ከሁሉም እጅ ቀድሞ ወጣ።

"ኩደን!"

ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዱ ቀስ ብሎ፣ ድምፄን አስመስሎ፣ "ኩ-ደን" አለ፤ ክፍሉ ፈነዳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ኩደን ሆነ። "ያ ኩደን፣ ኮቱ!" ይሉኛል በእረፍት ሰዓት፤ ነይ ማለታቸው ነው። እሱንስ እችለው ነበር። የልጅ ሳቅ ደወል እስኪደወል ነው።

ያልቻልኩት የባርሲሳን ደግነት ነው። ጠረጴዛውን በዱስተር መታና፣

"ዝም በሉ! በተፈናቃይ አይሳቅም!" አለ። "እነዚህ ልጆች ብዙ መከራ አይተዋል። ቁጥር ቢጠፋባቸው ምን ይገርማል?"

ቁጥር አልጠፋብኝም። ሁለት ጊዜ አምስት አሥር ነው፤ አሥር ነው ያልኩት። ልጆቹ የሳቁት በምላሴ ነበር። እሱ ሊከላከልልኝ ብሎ ነገሩን ከምላሴ ላይ አንስቶ ጭንቅላቴ ላይ አስቀመጠው፤ እዚያው ቀረ። ከሳቀብኝ ልጅ ጋር ልጣላ እችላለሁ። ከሚያዝንልኝ ሰው ጋር በምን እጣላለሁ?

ከዚያ በኋላ ለእኔና ከሌላ ቦታ ተፈናቅለው ለመጡት ለሁለቱ ልጆች የራሳችን ጥያቄ ተመደበልን። ሌላው ክፍልፋይ ሲጠየቅ ወደ እኛ ዞሮ ድምፁን ያለሰልሳል። "አንቺስ የኔ ልጅ፣ አራት ሲደመር ሦስት?" "ቶርባ።" "ሰባት አለች! አጨብጭቡላት!" ሃምሳ ልጅ ያጨበጭብልኛል። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ አራትና ሦስትን ስለደመርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጭብጨባ ያዋረደኝ ስድብ የለም።

ነገሩ ደግሞ እየዋለ እያደረ ገባኝ። እጄን ላወጣ ስል፣ መልሱ ከአሥር በላይ ነው? ከሃያ በታች ነው? ስህተት ብል "ይኸው፣ አላልኳችሁም?" ይላሉ፤ ልክ ብል በአነጋገሬ ይስቃሉ። ይህን ሳሰላ ጥያቄው አልፏል። አንድ ጭንቅላት ሁለት ሥራ ያዘ፤ አንዱ ሒሳብ፣ አንዱ ዘበኝነት። ዘበኛው ሒሳብ የሚሠራውን ልጅ ቀስ በቀስ ከወንበሩ ገፍቶ አስነሳው። ቤት ቁጭ ብዬ የምሠራውን ክፍል ውስጥ አልሠራውም። የጽሑፍ ፈተና ላይ አንደኛ፣ ሰሌዳ ፊት ደንቆሮ።

ከአጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ የወንጌላዊ ልጅ ናት፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ትዘምራለች። በዚያ የመጀመሪያ ቀን ካልሳቁት ውስጥ አንዷ እሷ ነበረች። ከትምህርት መልስ እኛ ቤት መምጣት ጀመረች፣ ክፍልፋይ እንዳስረዳት። ሁለታችን ብቻ ስንሆን ዘበኛው ይተኛል፤ አስረዳታለሁ፣ ቶሎ ይገባታል።

መጀመሪያ የመጣች ቀን በራችን ላይ ቆማ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ በአማርኛ እናቴን ሰላም አለቻት። ለማክበር ብላ ተዘጋጅታበት ነበር፤ ያስታውቃል።

"እማማ፣ ደህና ዋልክ?"

"ደህና ዋልኩ ልጄ፣ ግቢ፣ ግቢ" አለች እናቴ።

እኔ ፍራሹ ላይ ተንከባለልኩ። "እናቴ ወንድ ሆነች! ኧረ ጺም አብቅላለች እዩዋት!" ታናናሾቼን ጠርቼ ነገርኳቸው። ሳምንቱን ሙሉ ቤት ውስጥ እናታችንን "አንተ እማዬ" እያልን ስንስቅ ከረምን። ጓደኛዬም አብራን ሳቀች። ከዚያ ወዲያ እኛ ቤት አማርኛ አልተናገረችም። ያን ጊዜ አላስተዋልኩም። እኔ! በአንዲት ድምፅ ምክንያት እንቁላል በሁለት ዙር የምገዛው ሰው!

ስምንተኛ ክፍል ስንደርስ ያ ወሬ መጣ። ከየአካባቢው ጎበዝ ተማሪዎችን የሚወስድ አዳሪ ትምህርት ቤት አለ፤ ከእኛ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ይቀበላል። አንድ። መጀመሪያ የጽሑፍ ፈተና፣ ከዚያ ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት ሰሌዳ ፊት ቆመው የቃል ፈተና ይፈተናሉ። የጽሑፉ ውጤት ሲለጠፍ አንደኛ እኔ ነበርኩ። ሁለተኛ ጓደኛዬ።

አባቴ ወረቀት አያነብም፤ ቢሆንም ማስታወቂያው ድረስ ወስጄ ስሜን በጣቴ አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አየው።

"እዚያ አልጋ ይሰጣሉ?" አለኝ።

"ለእያንዳንዱ ሰው።"

"ለብቻሽ?"

"ለብቻዬ።"

"በይ አብሽሪ፣ አትፍሪ" አለኝ። በዚያ ሳምንት ስንተኛ ማንም እንዳይረግጠኝ ግድግዳው ሥር ያለውን ቦታ ለቀቁልኝ፤ ታናሽ እህቴ "ለአልጋው ተለማመጂ" አለችኝ። ሁላችንም በዚያች አልጋ ላይ ነበርን።

የቃል ፈተናው ዕለት በረንዳ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። አንዲት ሴት ፎርም ትሞላለች። ስም፣ ፆታ። ከዚያ ቀና ብላ፣ በረንዳው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ "ተፈናቃይ ነሽ አይደል? አይዞሽ እሺ" አለችና በቀይ እስክሪብቶ ከስሜ ጎን ጻፈችው። ውስጥ ስገባ ሦስት ፈታኞች አሉ፤ ባርሲሳ ከበሩ ጎን ቆሟል። ሊያግዘኝ ፈልጎ ጎንበስ አለና፣ "ይህቺ ተፈናቃይ ናት፤ ቀስ በሉላት" አላቸው። ሦስቱም ፊታቸውን አለሰለሱ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። አራት ሲደመር ሦስት የሚል ፊት ነው።

ሕጉ እንዲህ ነው፤ ሰሌዳ ላይ ትሠሪያለሽ፣ መልሱን ጮክ ብለሽ በኦሮምኛ ትናገሪያለሽ።

"አንድ ቁጥር አለ" አለ አንዱ። "በሦስት አባዝተን ሰባት ስንቀንስለት ሠላሳ አምስት ይሆናል። ቁጥሩ ስንት ነው?"

ቾኩን ሳላነሳ አየሁት። ሠላሳ አምስትና ሰባት አርባ ሁለት፣ ለሦስት ሲካፈል አሥራ አራት። ዕድሜዬ! በምድር ላይ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ የገዛ ዕድሜዬ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

አርባ ሁለትን ጻፍኩና ቆምኩ። አሥራ አራትን ከጻፍኩ ማንበብ ይመጣል። ኩደ አፉር ልል ነው፤ ባርሲሳ ከበሩ ጎን ሊያዝንልኝ ነው። "ሰባት ሁለት ጊዜ" ብልስ? አሥራ አራትን አታውቀውም ይላሉ። ፈታኙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "አይዞሽ፣ ቀስ ብለሽ" አለ። ቀስ ማለቱ ራሱ ጆሮዬን አጋለው።

"ሰገል" አልኩ። ዘጠኝ።

ለምን ዘጠኝ? መናገር ከምችላቸው ቁጥሮች ለአሥራ አራት በጣም ቅርቡ እሱ ስለነበረ። ዘጠኝ በሦስት ተባዝቶ ሰባት ቢቀነስለት ሃያ ነው፤ ከሠላሳ አምስት ጋር አይተዋወቅም። ማንም ግን "እንዴት ዘጠኝ?" አላለኝም። አንገታቸውን ነቀነቁ። ጠብቀውት ነበር።

"ገለቶሚ፣ እናመሰግናለን። ሁለተኛ ጥያቄ፤ ርዝመቱ ስምንት ሜትር፣ ወርዱ ሰባት ሜትር የሆነ ክፍል ስፋቱ ስንት ነው?"

ሰባት፣ ስምንት ረድፍ። የበቆሎ ፍሬ። ሸንተሚ ጀአ፤ ኩዸ የሚባል ነገር አጠገቡ የለም፤ በአምስት ዓመቴ ሳልቆጥር የምለው። ፈለግሁት። የለም። ረድፉን በዓይነ ኅሊናዬ ልደረድር ሞከርኩ፣ ፍሬው ከእጄ ፈሰሰ። ሰሌዳው ጥቁር፣ ጭንቅላቴ ጥቁር። የሰማሁት የራሴን ትንፋሽና ባርሲሳ ከንፈሩን ሲመጥ ነው።

የመጀመሪያውን አውቄ ተሳሳትኩ። ሁለተኛውን ግን እውነትም አላወቅሁትም። እዚህ ላይ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ነሽ ያሉኝን ልጅ ሆንኩላቸው።

ቤት ስመለስ አባቴ ምን ብለው ጠየቁሽ አለኝ። ርዝመቱ ስምንት፣ ወርዱ ሰባት የሆነ ክፍል፣ ብዬ ሳልጨርስ፣ "ሃምሳ ስድስት አይደል? ባለፈው ሳምንት ወለሉን የሞላነው ክፍል ልክ እሱን ያህል ነው" አለ። አዎ አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም። ማታ ግድግዳ ሥር ያለውን ቦታ ለእህቴ መለስኩላት።

ዕድሉን ያገኘችው ጓደኛዬ ናት። ክፍልፋይ እኔ ያስረዳኋት! ቅናት አልያዘኝም ብል ውሸት ነው፤ ሲሸኟት ልቤ ድረስ መሮኛል። አዳሪ ቤቱ ስልክ አያስገባም፤ ስለዚህ አባቷ በየወሩ ስንቅ ሲልክላት ደብዳቤ እልክላት ጀመር። ጭኮ ነው የሚላክላት፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት። ደብዳቤዬን በላስቲክ ጠቅልዬ ከክዳኑ ሥር እለጥፈዋለሁ። በመጀመሪያው መልሷ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፤ "በአማርኛ ጻፊልኝ። ረጅም ረጅም አድርገሽ ጻፊልኝ። ስለ ሰው ሁሉ ጻፊልኝ።"

እዚህ ነው ደስታዬ የተወለደው። ስለ ሰው ሁሉ ጻፍኩላት። ስለ ባለሱቋ፣ ስለ እንቁላል ወዳዷ ጎረቤታችን፣ ስለ ባጃጅ ነጂውና ስለ ሚስቱ ጠብ። ገጹ ሲሞላ ደስ ይለኛል፣ ሌላ ገጽ አዞራለሁ። ዘበኛው ወረቀት ላይ አይመጣም። ቁጥሮቹን እንኳ በኦሮምኛ፣ በቁቤ፣ እጽፍላት ነበር፤ ኩዸን፣ ኩዸ ቶኮ፣ ኩዸ ለማ፤ አንዱም አይሳቅበትም። ጓደኛዬ ደብዳቤዬን እያነበበች ትስቃለች ብዬ ሳስብ ብቻዬን እስቃለሁ። ጸሐፊ ነኝ አልኩ። ለማንም አልነገርኩም እንጂ አልኩ።

ዓመቱን ሙሉ መንገዱ ስላላስተማመነ አልመጣችም። ዘንድሮ ክረምት ላይ መጣች። ረዝማለች፣ ከስታለች። ፍራሹ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥንና ከቦርሳዋ ደብዳቤዎቼን አወጣች። ሁሉም አሉ። ቅቤ ነክቷቸዋል፤ አንዱም አልጠፋም። በቀይ እስክሪብቶ አስምራባቸዋለች። ልቤ ሊወጣ! የወደደቻቸውን ዓረፍተ ነገሮች ልይ ብዬ ቀረብኩ።

ዓረፍተ ነገር አልነበረም የተሰመረው። የቃላቱ ጫፍ ነው። "መጣች" የሚለው ላይ "ች" ብቻ። "ነበርሽ" የሚለው ላይ "ሽ" ብቻ። ገጽ በገጽ፣ ትንንሽ ቀይ ሰረዞች።

"ይህ ምንድን ነው?"

በኦሮምኛ ነገረችኝ። "እዚያ ከየቦታው ነው የመጣነው፤ የምንግባባው በአማርኛ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ስለ መኝታ ቤት ኃላፊዋ 'እሱ ጠራኝ' አልኩ። ሳቁ። ከዚያ ወዲህ አፌን ከመክፈቴ በፊት ወንድ ነው፣ ሴት ናት፣ እያልኩ እቆጥራለሁ። እስክቆጥር ወሬው ያልፋል። ክፍል ውስጥም እንደዚያው። ጥያቄ ሲጠየቅ ገብቶኛል፣ ግን እስክቆጥር…" ትከሻዋን ነቀነቀች። "ውጤቴ ወርዷል። አባቴ አያውቅም። ከደብዳቤሽ ነው የማጠናው።"

ከዚያ ሳታየኝ፣ ወረቀቶቹን እያስተካከለች፣ "መጀመሪያ የሳቅሽው ግን አንቺ ነሽ" አለችኝ። "እናትሽን ሰላም ስል። ትዝ ይልሻል?"

ትዝ ይለኛል።

ይቅርታ ልላት ፈለግሁ። በቋንቋዋ ልላት ፈለግሁ፤ በአማርኛ ብላት እንደገና የማስተምራት ይመስላል። ይቅርታ በኦሮምኛ ዺፈማ ነው። በምን ፊደል እንደሚጀምር ይታያችኋል። አፌ ውስጥ ያዝኩት፣ ምላሴን አጠፍኩት፣ አልታጠፍም አለኝ።

"ዲፈማ" አልኩ። በገዛ "ደ"ዬ።

አልሳቀችም። "እሺ" አላለችኝም ደግሞ። ደብዳቤዎቹን ወደ ቦርሳዋ መለሰችና፣ "ነይ እንውጣ" አለችኝ።

እናቴ እንቁላል አምጡ አለችን። መንገድ ላይ ዝናቡ ጣለና ሱቁ በረንዳ ሥር ተጠለልን። ባርሲሳ ዣንጥላውን ይዞ እዚያው ቆሟል። ጓደኛዬን ሲያይ ፊቱ በራ። "ኮራንብሽ እኮ! ትምህርት ቤቱን አስጠራሽው!" አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ያ ለስላሳ ፊት መጣ። "አንቺስ ልጄ? አይዞሽ። ማለፊያ ብታመጪ በቂ ነው።"

"ባርሲሳ" አልኩት፣ "ቁጥሩ ኩደ አፉር ነበር።"

"ምኑ?"

"በሦስት ተባዝቶ ሰባት ሲቀነስለት ሠላሳ አምስት የሚሆነው።"

አሰበ። አላስታወሰም። እኔ በየቀኑ ይዤው የዞርኩትን እሱ ያኔውኑ ረስቶታል። ያስታወሰው ሌላ ነገር ነው፤ በደግነት ፈገግ ብሎ፣ "ኩዸ አፉር" አለኝ፣ ዸዋን ጉሮሮው ድረስ ውጦ።

"አዎ። ኩደ አፉር" አልኩት እንደገና። "አሥራ አራት።"

ምን ሆነች በሚል ዓይን ወደ ጓደኛዬ አየ። እሷ ዓመት ሙሉ ቆጥራ የምትናገረውን አማርኛ ያን ጊዜ ሳትቆጥር፣ ጮክ ብላ፣ በሰው ፊት ተናገረችው።

"እሷ ልክ ነው!"

በረንዳው ላይ የተጠለለ አንድ ሰው ሳቀ። ጓደኛዬ ሰምታዋለች፤ ጆሮዋ ሲቀላ አየሁ። አላረመችውም። እኔም አላረምኩትም። ባርሲሳ ዣንጥላውን ዘረጋና በጭቃው ላይ እየዘለለ ሄደ። አልጋው አልተመለሰልኝም፤ እሷም መስከረም ላይ እየቆጠረች ትመለሳለች። አውቃለሁ።

ወደ ሱቁ መስኮት ዞርኩ።

"አዴ፣ እንቁላል። ኩደ ለማ።"

ባለሱቋ አሥራ ሁለቱንም አንድ ላይ ቆጥራ አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ። በአነጋገሬ የምትስቅ መስሎኝ ነበር።

"ጎረቤታችሁ ምነው? አሟት እንዴ?"

"አይ አዴ" አልኳት። "ድሮም እንቁላል አትወድም።"